«ደደብ» ያልኩት ልጅ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የልጅነት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ሰላምታችን ሳያልቅ፣ «ስሚ፣ አንቺ አስተማሪ ነበርሽ አይደል? ልጄን የት ላስገባት?» አለች። ልጇ 4 ዓመት ሊሞላት ነው። ሁለት አፀደ ሕፃናት አይታለች። «አይታለች» ስል በራቸው ላይ የተሰቀለውን ማስታወቂያና የክፍያውን ወረቀት ማለቴ ነው። አንደኛው በዓመቱ መጨረሻ ልጅቷ ከኤ እስከ ዜድ እንደምትጽፍ፣ እስከ 100 እንደምትቆጥር፣ በየቀኑም የቤት ሥራ ይዛ እንደምትመጣ ቃል ገብቷል። የሁለተኛው ልጆች ግን ሲጫወቱ ነው የሚውሉት ተብላለች።

«እኔ ለጨዋታ ገንዘብ አልከፍልም!» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ለምን ብትሉኝ፣ ይህንኑ ነገር እኔም ብዬዋለሁ። ያውም አስተማሪ ሆኜ፣ አርጩሜ በእጄ ይዤ። እናም ለእሷ በስልክ የጀመርኩትን ወሬ ለእናንተ እዚህ ልቀጥለው። ኑዛዜ ቢጤ ስለሆነ አንባቢዎቼ እንዳትታዘቡኝ። ብትታዘቡኝም አልፈርድባችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 12ኛ ክፍልን የጨረስኩት በ2008 ዓ.ም. ነው (ያ ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ የተሰረዘበትና እንደገና የተፈተንበት ጉደኛ ዓመት)። ነጥብ አልመጣልኝም። ክረምቱን ዳንግላ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ሲኒ ሳጥብ ከረምኩ። መስከረም ላይ አንድ ዘመዳችን፣ «እንጅባራ አካባቢ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለኦ ክፍል ሰው ይፈልጋል፤ ትሄጃለሽ?» አለ። አልሄድም ልል ነው እንዴ?

ኦ ክፍል፣ ዜሮ ክፍልም ይሏታል፣ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት እዚያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚቆዩባት ክፍል ናት። ቀድሞ አፀደ ሕፃናት የከተማ ሰው ነገር ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ ሆነው የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ሲያወጡ ነው ኦ ክፍል በየገጠሩ እንደ አሸን የፈላችው። በአገር አቀፍ ደረጃ የቅድመ አንደኛ ተሳትፎ በ2003 ዓ.ም. 5 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. 40 በመቶ ገደማ ደረሰ። በ4 ዓመት! ክፍሉ እንዲህ ሲበዛ አስተማሪው ከየት ይምጣ? ነጥብ ካልመጣለት ነዋ፤ እንደ እኔ ካለው።

የጥቂት ቀን ሥልጠና ሰጡኝ። «ሕፃናትን ያማከለ» የሚለውን ሐረግ ደብተሬ ላይ በትልቁ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ደብተሩ ዛሬም አለ። ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ ግን አንድ መስመር አልመልስላችሁም ነበር።

አገሩን ለማታውቁት፤ ዳንግላም እንጅባራም የአዊ ከተሞች ናቸው፤ አዲስ አበባን ከባሕር ዳር በሚያገናኘው መንገድ ላይ፣ በመሐላቸው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዳንግላ ሞቅ ትላለች። እንጅባራ (የድሮ ሰው ኮሶበር ነው የሚላት) ደጋ ናት፤ ጉምና ዝናብ የማይለያት፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር። የፈረስና የቀርከሃ አገር። እኔ ከነቀጭን ሹራቤ ሄጄላችሁ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው ማስተማር የጀመርኩት።

ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች ነበሩ። መቀመጫቸው ግንድና ድንጋይ፣ መማሪያቸው አንድ ጥጓ የተቀደደ የፊደል ገበታ። ሥራዬ ቀላል ነው። «ሀ በሉ!» እላለሁ፤ «ሀ!» ይላሉ። «ሁ በሉ!» «ሁ!» ድምፃቸው ሲቀዘቅዝ አርጩሜዬን ሰሌዳው ላይ አጮሃለሁ። እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት፤ እናቴም፤ አያቶቻችንም ቄስ ትምህርት ቤት። የፊደል ገበታን እየናቅኩ አይደለም፤ አገር ያስነበበ ነገር አይናቅም። ግን አርጩሜው... ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን ያወቅኩት ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላ ነው። ያኔ አርጩሜ የሌለው አስተማሪ ጠመኔ እንደሌለው ነበር የሚቆጠረው።

እና አንድ ልጅ ነበረ።

ስድስት ዓመቱ ነው። ከኋላ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል፤ አይናገርም። ሌሎቹ «ሀ!» ብለው ጣሪያውን ሲያነሱ እሱ ያየኛል። ከጥቅምት እስከ ጥር አንድ ቃል አልተነፈሰም። መጀመሪያ አባበልኩት። ቀጥዬ ተቆጣሁት። አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት አቁሜ፣ «ይሄ ማን ነው? ይሄስ?» እያልኩ ባፋጥጠው እንኳን ሊመልስ ዓይኑንም አላነሳም። እጁን በአርጩሜ መታሁት። እሱም አላስለቀሰውም። በንዴት፣ «ምን ዓይነት ደደብ ነው!» አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። ልጆች ከአስተማሪ አፍ የወጣን ነገር እንዴት ቶሎ እንደሚይዙ ታውቃላችሁ? ፊደሉን ለማስያዝ አራት ወር የፈጀብኝ ጉደኛ ክፍል ያቺን ቃል በአንድ ቀን ያዛት። ከዚያ ወዲያ የልጁ ስም እሷ ሆነች። ሜዳ ላይ ኳስ አቀብል ሲሉት እንኳ በሷ ነበር የሚጠሩት።

ልጁ የሚናገረው አዊኛ ነው። እኔ የማስተምረው በአማርኛ ነው። አዊኛ የአማርኛ ዘዬ አይደለም፤ ከኩሽ ቋንቋዎች የሚመደብ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። በዞኑ ትምህርት ቤቶችም ማስተማሪያ ነው፤ የኔም ክፍል በደንቡ በአዊኛ መማር ነበረበት። ግን ሰው ጠፋ፤ እኔ ተገኘሁ። የኔን ነገር ደግሞ ላውራችሁ። አያቴ አዊኛ ተናጋሪ ነበረች። እኛ የከተማ ልጆች ግን «እሰማለሁ እንጂ አልናገርም» ማለት እንደ ሥልጣኔ ይቆጠርልን ነበር። ደግሞስ መቼ በቅጡ ሰማሁት! «ና» እና «ብላ» ቢባል ነው።

የፈረሰኞቹ በዓል ጥር 23 አለፈና የካቲት ላይ፣ የጉድኝታችን ሱፐርቫይዘር ከየትምህርት ቤቱ አምስት የኦ ክፍል አስተማሪዎች መረጠ። ለልምድ ልውውጥ ዳንግላ ትሄዳላችሁ ተባልን። ደስታዬን አትጠይቁኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ለልምዱ አልነበረም። አበል አለ፤ የእናቴ ቤት አለ፤ ከብርዱም አንድ ቀን አርፋለሁ።

ሚኒባሳችን አዲስ ቅዳምን አልፎ፣ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ እያለፈ ዳንግላ ገባን። የሚወስዱን ትምህርት ቤት ደጁ ላይ ስንደርስ ክው አልኩ። ልጅ ሆኜ በየቀኑ በአጥሩ ሥር የማልፍበት ግቢ ነው! አንድም ቀን ገብቼ አላየሁትም።

ክፍሉ ስንገባ መጀመሪያ ያልኩት፣ «አስተማሪዋ የታለች?» ነው። በረድፍ የተቀመጠ ልጅ የለም። መሬት ላይ ሰሌን ተነጥፏል። አንዱ ጥግ ባዶ የሳሙና ካርቶንና የዘይት ጀሪካን ተደርድሮ ሱቅ ሆኗል፤ ሁለት ልጆች በቅጠል ብር ይገበያያሉ። ሌላው ጥግ ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ። በረንዳው ላይ ጭቃ። መስኮቱ ሥር ቆርኪ፣ ቆረቆንዳ፣ ባቄላ፣ ጠጠር፣ በልክ በልክ የተቆረጠ ቀርከሃ። አንድም የተገዛ መጫወቻ አላየሁም። ጫጫታ አለ፤ ግን የኔ ክፍል ዓይነት አይደለም። የኔው ጩኸት ነው፤ ይሄ ወሬ ነው።

አስተማሪዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር ያላየኋት። «ቁጭ ብላ» ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ወደ 50 የሚጠጉ ሴት ናቸው። እትዬ ነበር ያልኳቸው።

አጠገባቸው አንድ ልጅ ቆርኪ ይቆጥራል። ስድስት ቆርኪ ደርድሯል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት! ሰባት አሉኝ!» አለ በኩራት። እጄን በላኝ። የኔ ክፍል ቢሆን «ሰባት» የምትለው ቃል ሳታልቅ ነው አርጩሜው የሚያርፈው። እሳቸው ግን፣ «ጎበዝ፣ እዚህ ሰሌን ላይ ሰባት ናችሁ፤ እንግዲያው ላንተም ለእነሱም አንድ አንድ አድል» አሉት። አደለ። የአንዲት ልጅ እጅ ባዶ ቀረ። ልጁ ቆመ። ልጅቷን አያት፤ እጁን አየ። ከዚያ ቆርኪዎቹን ሁሉ መልሶ ሰበሰበና በጣቱ እየነካ ቀስ ብሎ እንደ አዲስ ጀመረ። አምስት ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «...ስድስት» አለ። ለማንም አይደለም፤ ለራሱ ነው ያለው። እትዬ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

ይህን አይቼ ሳልጨርስ ከበሩ ኋላ የተሸጎጠች ልጅ አየሁ። ነጠላዋን ተከናንባለች። ያ የኔ ልጅ መሰለችኝ፤ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። እትዬ ጥቂት አክርማ ይዘው ተነሱና አጠገቧ ሄደው ተቀመጡ። አላባበሏትም። አልጠየቋትም። ዝም ብለው አክርማውን ይጎነጉናሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አሥር ደቂቃ። ሩብ ሰዓት። ልጅቷ እጇን ከነጠላው አውጥታ የአክርማውን ጫፍ ያዘች። እትዬ ያኔ በአዊኛ አንድ ነገር አሏት፤ በቃ።

ለሻይ ስንወጣ ጠጋ ብዬ፣ «እትዬ፣ ልጅቷ ምን ሆና ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አልሆነች። ቤቷ የሚወራው ሌላ፣ እዚህ የሚወራው ሌላ። አንቺን አሁን ቻይና ቢወስዱሽ በስንተኛው ቀን ታወሪያለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። «ታዲያ ምን ይደረጋል?» አልኩ።

«መጀመሪያ አጠገቧ ተቀመጪ የኔ ልጅ። የምትይው ከጠፋሽ ዝም በይ።»

በሥልጠናው ደብተር ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ነገር ይህ እንደሆነ ያወቅኩት እዚያ በረንዳ ላይ ነው፤ ሻዬ እጄ ላይ ቀዝቅዞ።

ሥራውን ከተውኩ በኋላ ባገኘሁት ሁሉ ስለዚህ ነገር ሳነብ፣ ዓለም ሙሉ አስተማሪ ለጉብኝት የሚጎርፍባት አንዲት የጣሊያን ከተማ እንዳለች አገኘሁ። ሬጆ ኤሚሊያ ትባላለች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1945 እንዳበቃ በአጠገቧ ያለች የአንዲት መንደር ሰዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ ጥቂት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጠው በገንዘቡ የሕፃናት ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የሚባል ወጣት መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌቱ ሄዶ አየ፤ አይቶም ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ሠራ። ዛሬ ሰው ለዚህ ጉብኝት በአውሮፕላን ይሄዳል። እኔን የእንጅባራ ሚኒባስ በ40 ኪሎ ሜትር አሳየኝ። (በነገራችን ላይ «አፀድ» በግዕዝ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ይህን ቃል ስንቴ ብዬዋለሁ፤ አትክልት ደግሞ በጩኸት አይበቅልም።)

ያን ማታ እናቴን፣ «አዊኛ አስተምሪኝ» አልኳት። እንጀራ እያወጣች ሳቀች። «አያትሽ ስትለምንሽ የት ነበርሽ?» አለች። ቢሆንም እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጣ ውኃውን፣ እሳቱን፣ ፈረሱን፣ «እንዴት አደርክ»ውን ነገረችኝ። እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት።

ሰኞ ጥጉ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ልጁ ፈቀቅ አለ። የመታሁትን እጅ ጋቢው ውስጥ ከተተ። ማክሰኞም እንዲሁ። ከመንደሩ ቀርከሃ ሠሪዎች ቁርጥራጭ ለምኜ አምጥቼ ስለነበር አጠገቡ ከመርኩት። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ አለፈ። እንደ እትዬ ሩብ ሰዓት መስሎኝ ነበርኮ! አንድ ጠዋት አንዱን ረጅም ቀርከሃ መርጦ ጫፉ ላይ ገመድ አሰረና እግሮቹ መሐል አስገባው። ፈረስ ነው። በአዊኛ የፈረስን ስም ጠራሁለት። ቀና ብሎ አየኝ። ቃሉን አበላሽቼዋለሁ መሰለኝ፣ ፊቱን አጨፍግጎ አስተካክሎ ነገረኝ።

የመጀመሪያ ቃሉ ይቺ ናት፤ አስተማሪውን ማረም። ደገምኩት። አሁንም አበላሸሁ። አሁንም አረመኝ። በሦስተኛው ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሠመረ ልላችሁ ብፈልግ ደስ ባለኝ። አልሠመረም። አንድ አባት መጥተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ልጄን ለቆርኪ ነው የላክሁት? ቆርኪ ጠጅ ቤት ደጃፍ ሞልቷል!» አሉ። ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። ጎረቤቴ ያለው አንደኛ ክፍል በጫጫታ ከሰሰን። አብረውኝ ዳንግላ ከሄዱት አንዷ ደግሞ ከተመለሰች በኋላ ክፍሏን አሳምራ ጥግ ጥጉን አዘጋጀች፤ በቀለም ጻፈችበት፤ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ አደነቀ፤ ፎቶ ተነሱ። ከዚያ «ልጆቹ እንዳያበላሹት» ብላ በገመድ አጠረችው። ልጆቹ ከገመዱ ወዲህ ሆነው «ሀ! ሁ!» ይላሉ። አልፈርድባትም። እሷ ዳንግላ ላይ ዕቃውን ነው ያየችው፤ ቆርኪውንና ካርቶኑን። ያቺን የተሸጎጠች ልጅ አላየቻትም ይሆናል።

የኔው ዕዳ ግን ሌላ ነው። ልጁ መናገር ጀመረ፤ በአማርኛም ቀስ በቀስ ለመደ፤ ቅልብልብ ሲጫወት እስከ 30 ይቆጥር ነበር። ስሙ ግን አልተቀየረም። ክፍሉን ለመንኩ፤ ተቆጣሁ፤ በእውነተኛ ስሙ ብቻ እየደጋገምኩ ጠራሁት። አልሆነም። ሰኔ ላይ ውጤት ሊወስዱ የመጡት እናቱ ልጆቹ ሲጠሩት ሰሙ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ቲቸር፣ ልጄን እንዲህ የሚሉት ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ልጆች ናቸው፤ ይተዉታል» አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኩት ማለት አቃተኝ። እናቱ አመሰግነው፣ ባቄላ ቋጥረው ያመጡልኝን ሰጥተውኝ ሄዱ። ባቄላውን በላሁት።

አንድ ዓመት ጨምሬ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ለቀቅኩ። ደሞዙ የቤት ኪራይና ሹራብ አይችልም ነበር። ልጁን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አሁን 15 ዓመት ግድም ይሆነዋል። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. በተነሳው ውጊያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ እሱም ከእነሱ አንዱ ይሁን፣ ይማር፣ ፈረስ ይጋልብ እያልኩ አስባለሁ። ጥር 23 የፈረሰኞቹ በዓል ሲደርስ በቴሌቪዥን የወጣቶቹን ፊት አንድ በአንድ አያለሁ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ይህን ሁሉ በስልክ አላወራኋትም፤ ካርድ አይበቃም። ያልኳት ይህን ነው። ማስታወቂያውን ተዪው። የ4 ዓመት ልጅ ጣት እርሳስ ከመጨበጡ በፊት ጭቃ ቢያቦካ፣ ዶቃ ቢሰካ ይሻለዋል፤ መጻፉ ይደርሳል። ሄደሽ ግማሽ ሰዓት ክፍል ውስጥ ቁጭ በይ። መደርደሪያው ላይ ያለው መጫወቻ አቧራ ጠጥቶ እንደሆነ እይ። አስተማሪዋ ከልጅ ጋር ስታወራ ጎንበስ ትላለች ወይስ ከላይ ሆና ነው የምትናገረው? ልጅ ሲሳሳት ምን ታደርጋለች? ከሁሉ በላይ ግን ጥግ ላይ ዝም ያለ ልጅ ፈልጊ፤ በየክፍሉ አንድ አይጠፋም። ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ እይ።

«እሺ፣ ነገ ሄጄ አየዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ደወለች። ያለችው በር ላይ ነው፤ የመኪናው ጥሩምባ ይሰማል።

«ዘበኛው አላስገባም አለኝ። ወላጅ ከዚህ በር አያልፍም ይላል።»

«የትኛው? ከኤ እስከ ዜዱ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ወደ ሌላኛው ሂጂያ!»

ዝም አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መመዝገቢያውን ባለፈው ሳምንት ከፍያለሁ እኮ» አለችኝ።